ግዙፎቹ በትንሿ ጠረጴዛ ላይ

ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ወሬ ከምትማሩበት ዴስክ ብዙም አይርቅም። መምህሩ ክፍሉን ለቆ ሲወጣ ሁለት ልጆች ክርናቸውን ዴስኩ ላይ ተክለው፣ መዳፍ ለመዳፍ ተያይዘው፣ የደም ስራቸው እስኪገታተር ሲታገሉ፣ የቀረው ተማሪ ደግሞ ከብቦ "በለው! ጣለው!" ሲል አይታችሁ ታውቁ የለ? አዎ፣ እሱ ነው ወሬያችን፤ የክንድ ትግል። ፈረንጆቹ አርም ሬስሊንግ ይሉታል።

እኔ የስፖርት መምህር ነኝ። ታዲያ ተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል። "ቲቸር፣ እነዚያ በፊልም የምናያቸው ግዙፍ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች የክንድ ትግል ቢገጥሙ ማን ይችላቸዋል?" ይሉኛል። ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። መልሱ ግን ስለ ጉልበት፣ ስለ አጥንትና ስለ ራሳችሁ ክንድ ብዙ ነገር ያስተምራል። እስቲ አብረን እንየው።

እነማን ናቸው?

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። የአሜሪካ ፉትቦል ማለት እኛ የምናውቀው እግር ኳስ አይደለም። ሞላላውን ኳስ በእጅ ይዘው እየሮጡ፣ በትከሻ እየተጋጩ የሚጫወቱት ነው። ትልቁ የፕሮፌሽናል ሊግ ኤንኤፍኤል ይባላል፤ 32 ቡድኖች አሉት። ከፊት መስመር ቆመው የሚጋፉት ተጫዋቾች ብዙዎቹ ከ135 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። በሌላ አነጋገር አንዱ ተጫዋች ሁለት ጎረምሳ ያህል ነው ማለት ነው!

ወደ ሊጉ ለመግባት የሚፈልጉ ወጣቶች ከሚያልፉባቸው ፈተናዎች አንዱ በጀርባ ተኝቶ 102 ኪሎ የሚመዝን ብረት ወደ ላይ መግፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ስቲቨን ፔያ የተባለ ወጣት ይህን ብረት ሳያርፍ 49 ጊዜ ገፍቶታል። አርባ ዘጠኝ! እኛ ሰፈር አንድ ጊዜ የሚያነሳው ሰው ከተገኘ ሳምንቱን ሙሉ ይወራለታል።

እነዚህ ሰዎች የክንድ ትግልንም ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የፉትቦል ተጫዋቾች እርስ በርስ የክንድ ትግል የሚገጥሙባቸው ዝግጅቶች በአሜሪካ ቴሌቪዥን ይታዩ ነበር። ሰዉ የሚወደው ነገር ነው። ሜዳ ላይ በሄልሜትና በመከላከያ ተሸፍነው የሚጋጩ ሰዎች፣ ያለ ምንም ሽፋን፣ ፊት ለፊት፣ በአንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ላይ! ታዲያ ግዙፉ ሁልጊዜ ያሸንፋል? በፍጹም።

ጠረጴዛው የራሱ ጌቶች አሉት

የክንድ ትግል ራሱን የቻለ ስፖርት ነው። በካሊፎርኒያ ፔታሉማ በምትባል ከተማ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ በ1950ዎቹ የተጀመረው ግጥሚያ፣ ቢል ሶበራኔስ በተባለ ጋዜጠኛ ጥረት እ.ኤ.አ. በ1962 የዓለም ሻምፒዮና ተብሎ መካሄድ ጀመረ። ቀጥሎም በቴሌቪዥን ይተላለፍ ጀመር። ሲልቬስተር ስታሎን የተወነበት "ኦቨር ዘ ቶፕ" የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1987 ሲወጣ ደግሞ ስፖርቱን የማያውቅ ጠፋ።

ለዚያ ፊልም ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1986 ላስ ቬጋስ ውስጥ እውነተኛ ውድድር ተካሂዶ ነበር። በከባድ መኪና ሾፌሮች ምድብ ያሸነፈው ጆን ብርዜንክ የተባለ ወጣት ሲሆን፣ ሽልማቱም ከባድ መኪና ነበር። ይህ ሰው ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በጠረጴዛው ላይ የሚስተካከለው አልተገኘም። መተዳደሪያው የአውሮፕላን ሜካኒክነት ነበር። ክብደቱስ? 90 ኪሎ አካባቢ! ከፉትቦል ተጫዋቾቹ ጎን ቢቆም ታናሽ ወንድማቸው ይመስላል። ግን ከእሱ በብዙ ኪሎ የሚበልጡ ሰዎችን እጅ ጠረጴዛው ላይ አስተኝቷል።

ሚስጥሩ ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ጉልበት አንድ ዓይነት አይደለም። ብረት የሚገፋ ሰው የሚጠቀመው በዋናነት የደረቱንና ከክንዱ በስተኋላ ያለውን ጡንቻ ነው። ሥራው መግፋት ነው። የክንድ ትግል ግን ክንድን ወደ ውስጥ ማዞር፣ የእጅ አንጓን ወደ ራስ ማጠፍና ክርንን ሳይዘረጉ አጥብቆ መያዝ ይፈልጋል። ማራቶን የሚያሸንፍ ሯጭ በመቶ ሜትር ሊቀደም እንደሚችለው ሁሉ፣ 102 ኪሎ 49 ጊዜ የሚገፋ ሰውም በእጅ አንጓው ሊሸነፍ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ፊዚክስ አለ። በር ስትከፍቱ እጀታው ጋ ብትገፉት በቀላሉ ይከፈታል። ማጠፊያው አጠገብ ብትገፉት ግን ያታግላችኋል። በክንድ ትግል ማጠፊያው ክርናችሁ ነው። ስለዚህ የተቃራኒውን እጅ ወደ ጣቶቹ ከፍ ብሎ የያዘ ሰው በትንሽ ኃይል ብዙ ይሠራል። ባለሙያዎቹ ይህን አያያዝ ቶፕ ሮል ይሉታል። ሌላው አንጓን ወደ ውስጥ አጥፎ ተጋጣሚውን ወደ ራስ መሳብ ሲሆን፣ ሁክ ይባላል። የእጅ አንጓው የተፈታበት ሰው ክንዱ የግንድ ያህል ቢወፍር እንኳ ጉልበቱ መድረሻ ያጣል።

ሦስተኛ፣ ጅማት ነው። ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያዘው ጅማት ከጡንቻ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። የጠረጴዛው ሰዎች ይህን ያዳበሩት በብዙ ዓመት ልምምድ ነው። ፉትቦል ተጫዋቹ ጡንቻው ዝግጁ ነው፤ ጅማቱና አጥንቱ ግን ለዚህ ዓይነት ጠመዝማዛ ኃይል አልተለማመዱም። አደጋውም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

"ቋ!" ያለው ምንድን ነው?

እርጥብ ልብስ ስትጨምቁ አንዱን ጫፍ ወደ አንድ ጎን፣ ሌላውን ወደ ሌላ ጎን ትጠመዝዙታላችሁ አይደል? በክንድ ትግል ከትከሻ እስከ ክርን ባለው አጥንት ላይ የሚደርሰው ልክ እንደዚያ ነው። ከላይ የራሳችሁ የትከሻና የደረት ጡንቻ አጥንቱን ወደ ውስጥ ያዞረዋል። ከታች ደግሞ ተጋጣሚያችሁ የያዘው እጅ ወደ ውጪ ያዞረዋል። አጥንት ክብደት ለመሸከም ጎበዝ ነው፤ መጠምዘዝን ግን አይወድም። አንዳንዴ ሁለቱ ተፋላሚዎች ተያይዘው፣ ማንም ሳያሸንፍ፣ በድንገት "ቋ!" ይላል። አጥንቱ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ዞሮ ይሰበራል።

ልብ በሉ! የሚሰበረው ደካማ ሰው ብቻ አይደለም። ጡንቻው ኃይለኛ የሆነ ሰው አጥንቱን የሚጠመዝዘው ኃይልም ያንኑ ያህል ከባድ ይሆናል። በዚያ ላይ በዚህ አጥንት ዙሪያ ተጠምዝዞ የሚያልፍ አንድ ነርቭ አለ። እሱ ከተጎዳ የእጅ አንጓ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ጣቶችንም መዘርጋት ያቅታል። አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ግን ወራት ቀላል ነው እንዴ?

አሁን ደግሞ ስለ እናንተ ላውራ። በግራ እጃችሁ የቀኝ ክርናችሁን የውስጥ ጎን ዳስሱት። ወጣ ያለች ጠንካራ ነገር አገኛችሁ? በእናንተ ዕድሜ፣ በተለይ ከ13 እስከ 16 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ያቺ አጥንት ከዋናው አጥንት ጋር ገና ሙሉ በሙሉ አልተዋሐደችም። በመካከል ያለው የእድገት ቦታ ልም አጥንት ነው። የእጅ አንጓን የሚያጥፉት ጡንቻዎች ደግሞ የተያያዙት እዚያችው ላይ ነው። ስለዚህ ጎረምሳ በኃይል ሲታገል ጡንቻው አጥንቷን ገንጥሎ ሊያነሳት ይችላል። የአዋቂው አደጋ የላይኛው ክንድ ስብራት ሲሆን፣ የእናንተ ደግሞ ብዙ ጊዜ የክርን ነው።

ውሉ ምን ይላል?

የኤንኤፍኤል ተጫዋች የሚፈርመው መደበኛ ውል አንድ አንቀጽ አለው። ተጫዋቹ ያለ ክለቡ ፈቃድ ከፉትቦል ውጪ ከባድ የጉዳት አደጋ ባለው እንቅስቃሴ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። ለምን? ክንዱ እንጀራው ነዋ! በአንድ ምሽት ጨዋታ የተሰበረ ክንድ የአንድ ዓመት ደመወዝ፣ አንዳንዴም ሙሉ የስፖርት ዘመን ሊያስከፍል ይችላል።

እናንተስ? ማንም ውል አላስፈረማችሁም። ግን በቀኝ እጃችሁ ነው ማስታወሻ የምትይዙት፣ ፈተና የምትጽፉት፣ ቤት ውስጥ ቤተሰብ የምታግዙት። ከሚሊየነሩ ክንድ የእናንተ ክንድ የሚያንስበት ምክንያት የለም።

"ፈራህ እንዴ?"

አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬን አልረሳውም። ጸባዩ የተመሰገነ፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው። በእረፍት ሰዓት ከእሱ በጉልበት ከሚበልጥ ልጅ ጋር ገጠመ። እጁ ወደ ኋላ ሲሄድ ክርኑን አመመው። መልቀቅ ይችል ነበር። ከቦ የቆመው ተማሪ ግን "ፈራህ እንዴ? ወንድ አይደለህም?" እያለ ይጮኻል። ሴቶችም ቆመው ያያሉ። ልጁ ጥርሱን ነክሶ ገፋ። ክርኑ ተሰበረ። የሴሚስተሩን ፈተና በግራ እጁ እየተንቀጠቀጠ ጻፈ። በኋላ ስጠይቀው ምን አለኝ መሰላችሁ? "ቲቸር፣ እንደሚሰበር ታውቆኝ ነበር። ልቀቀኝ ማለት አፍሬ ነው።"

ጓደኞች፣ የአቻ ግፊት የምንለው ይህንን ነው። ያ ሁሉ ሲጮኽ የነበረ ልጅ ደወል ሲደወል ወደ ክፍሉ ገባ። ሕመሙን ይዞ ወደ ቤቱ የሄደው ግን አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ሰውነታችሁ "በቃ!" ሲላችሁ የምትሰሙት እናንተ ብቻ ናችሁ፤ ከዳር የቆመ ሰው አይሰማውም። ስለዚህ ውሳኔውም የእናንተ መሆን አለበት።

መጫወት ከፈለጋችሁ

ጨዋታውን ተዉት አልላችሁም። ግን ባለሙያዎቹ የሚጠነቀቁባቸውን ነገሮች ያዙ፦

1. ዓይናችሁ ከእጃችሁ አይለይ። ፊታችሁንና ትከሻችሁን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙራችሁ መግፋት ክንድ የሚሰበርበት ዋናው መንገድ ነው።
2. እጃችሁ ከትከሻችሁ መስመር ወደ ኋላ አይሂድ። ሰውነታችሁ ከእጃችሁ ጋር አብሮ ይዙር።
3. በድንገት አትንጩ። ሁለታችሁም ተዘጋጅታችሁ፣ ዳኛ ሲያስጀምር ጀምሩ።
4. በዕድሜም በክብደትም ከሚመጣጠናችሁ ጋር ብቻ ግጠሙ።
5. ክርን ወይም ክንድ ላይ ሕመም ከተሰማችሁ ወዲያው "በቃ" በሉ። የሰማ ተጋጣሚም ወዲያው ይልቀቅ።

ከተሰበረስ?

አትጎትቱት፤ ለማቃናትም አትሞክሩ። ቀለበትና ሰዓት ካለ አውልቁ። ክንዱን እንዳለ በነጠላ ወይም በሻርፕ ከአንገት ላይ አንጠልጥሉና ራጅ ወዳለበት ጤና ተቋም ውሰዱት።

እዚህ ላይ አንድ አደራ አለኝ። በአገራችን ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ወጌሻ ነው። የተሰበረ ክንድ በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰር ደም መዘዋወር ሊያቆም ይችላል። በዚህ ምክንያት ክንዳቸው ሞቶ እስከ መቆረጥ የደረሱ ልጆች በአገራችን አሉ። የታሰረ ክንድ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ "ነገ ይሻለዋል" ተብሎ አይታደርም። ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይፈታ፣ ልጁም ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

እንግዲህ የተማሪዎቼ ጥያቄ መልስ ይኸውላችሁ። ግዙፉን ተጫዋች የሚችለው ክንዱን የሚያውቅ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ብዙ ዘመን የቆዩት ሰዎች መቼ መግፋት፣ መቼ ደግሞ መልቀቅ እንዳለባቸው ያውቃሉ። እጅን ለቆ "አሸነፍከኝ" ብሎ መሳቅ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው። አጥንት ግን ለመጋጠም ወራት ይፈልጋል።

ቸር ይግጠመን!