አሴቲሊን፦ የበያጁ ጋዝ ጠባይና ጥቅም

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ሲደርስ፥ የሊማሊሞ ቁልቁለት ከፊቱ ይጠብቀዋል። በጣልያን ወረራ ዘመን የተቀየሰው ይህ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ዛሪማና ወደ አዲአርቃይ ቆላ ሲያወርድም ሆነ ሲያወጣ የመኪናን አካል ያደክማል። ማርሚታው ሲሰነጠቅ ወይም ፓራፋንጎው ሲላቀቅ፥ እንዲህ ያለውን ስስ ቆርቆሮ ለመበየድ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ የኦክሲጅንና የአሴቲሊን ነበልባል ነው። ነበልባሉን ብዙዎቻችን አይተነዋል፤ የጋዙን ጠባይ ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

አሴቲሊን ቀለም የሌለው፥ ከአየር ጥቂት የሚቀል ጋዝ ነው። እያንዳንዱ ሞለኪውል ሁለት የካርቦንና ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች ብቻ አሉት። ካርቦኖቹ እርስ በርሳቸው በሦስት እጥፍ ትስስር ተያይዘዋል፤ በየጫፋቸውም አንድ አንድ ሃይድሮጅን ይዘዋል። ኬሚስቶች ይህን የመሰለ ጫፍ ያላቸውን ውሁዶች የጫፍ አልካይን ይሏቸዋል፤ ከነዚህም ትንሹ አሴቲሊን ነው። ጠባዩ ሁሉ ከሁለት ነገር ይመነጫል፤ አንደኛው በሦስቱ እጥፍ ትስስር የታመቀው ኀይል ሲሆን፥ ሁለተኛው ስፍራውን ለብረታ ብረት የሚለቀው የጫፉ ሃይድሮጅን ነው።

ጋዙን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1836 ዓ.ም. ያገኘው ኤድመንድ ዴቪ ነው። በ1862 ዓ.ም. ቨለር የተባለው ጀርመናዊ ከካርባይድና ከውሃ አወጣው። በ1892 ዓ.ም. ደግሞ ካናዳዊው ቶማስ ዊልሰን ኖራና ከሰልን በኤሌክትሪክ ምድጃ አቅልጦ ካርባይድን በብዛት የሚያስገኝ ዘዴ ላይ ደረሰ። በካርባይድ ላይ ውሃ ቢንጠባጠብ አሴቲሊን ይወጣል፤ የሚቀረውም የራሰ ኖራ ነው። ከካርባይድ የሚወጣው ጋዝ ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ ያለው በውስጡ ባለው እድፍ ምክንያት ነው።

ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። አሴቲሊን ከኦክሲጅን ጋር ሲነድ ግን ሙቀቱ ከ3,000 ዲግሪ ያልፋል። ለበያጁ ያለው ጥቅም ከዚህ የመጣ ነው።

ሆኖም ይኸው የታመቀ ኀይል ጠላትም ይሆናል። አሴቲሊን ለብቻው በብርቱ ቢታመቅ፥ አየር ሳይኖር እንኳ ወደ ካርቦንና ወደ ሃይድሮጅን ተበታትኖ ይፈነዳል። ስለዚህ ቦምቦላው ባዶ ዕቃ አይደለም፤ ውስጡ በአሴቶን በራሰ፥ ቀዳዳው በበዛ ነገር ተሞልቷል። ስኳር በውሃ እንደሚሟሟ ጋዙም በአሴቶኑ ይሟሟል። ስዊድናዊው ጉስታፍ ዳሌን በ1912 ዓ.ም. በአሴቲሊን ቦምቦላ ሙከራ ላይ ሳለ በደረሰ ፍንዳታ ዓይኑን አጥቷል፤ በዚያው ዓመት ለባሕር መብራቶች በፈጠረው መሣሪያ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ቦምቦላው ተጋድሞ እንዳይሠራበት የሚከለከለውም አሴቶኑ ከጋዙ ጋር እንዳይወጣ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ከጫፉ ሃይድሮጅን የሚመጣ ነው። ጋዙ በመዳብ ቧንቧ ቢተላለፍ፥ መዳቡ የሃይድሮጅኑን ስፍራ ይይዝና ሲደርቅ በጥቂት ግጭት የሚፈነዳ ውሁድ ይፈጠራል። እንግዲህ የተበላሸውን ቧንቧ በእጁ ባገኘው መዳብ የሚተካ ጠጋኝ ሳያውቅ ፈንጂ ያዘጋጃል። ከዚህም ሌላ፥ በአየር ውስጥ ከመቶ ሁለት ተኩል እጅ ያህል አሴቲሊን ቢቀላቀል የእሳት ፍንጣሪ ያቀጣጥለዋል። ስለሆነም ማፈትለኩ የሚመረመረው በሳሙና አረፋ ነው እንጂ በክብሪት አይደለም።

ነገር ግን በበያጁ ዘንድ የሚያስፈራው ጫፍ በኬሚስቱ እጅ መልካም አገልጋይ ነው። ሃይድሮጅኑን አስለቅቆ በምትኩ ሌላ ውሁድ ያያይዝበታል። በ1951 ዓ.ም. በሜክሲኮ የተሠራው ኖርኢቲስቴሮን የተባለ የእርግዝና መከላከያ እንዲህ ያለ ጫፍ አለው፤ በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በእናቶች ክንድ ውስጥ በሚቀብሩት መከላከያ ያለው መድኀኒትም እንደዚሁ። ከቧንቧው የተከለከለው መዳብ እንኳ በቤተ ሙከራ ይህን ጫፍ ከሌላ ውሁድ ጋር በፍጥነት ያጋባል። ይህን ያገኙት ሜልዳልና ሻርፕለስ ከቤርቶዚ ጋር በ2022 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ክቡራን አድማጮች፤ ከእናንተ መካከል የሥራ ፈቃድ የሚሰጥ፥ ለመሥሪያ ቤቱ ዕቃ የሚገዛ፥ ወይም ጋራዥ የሚቈጣጠር ብዙ ነው። ወደ ብየዳ ቤት በገባችሁ ጊዜ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ቦምቦላው ቆሞ ታስሯልን? ቧንቧው መዳብ አይደለምን? ቤቱስ አየር በደንብ ያገኛልን? አበው ‹‹ሳይቃጠል በቅጠል›› ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። ጥያቄው የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚያተርፈው ግን የበያጁን ዓይንና የረዳቱን ሕይወት ነው።