ቃልና ጊዜው

ቃል ገንዘብ የማይወጣበት ነገር ስለ ሆነ ብዙዎቻችን ያለ ሒሳብ እንበትነዋለን፤ ወይም በሚያስፈልግበት ሰዓት እንነፍገዋለን። የጥንት ጠቢባን ግን ቃልን የሚመዝኑት እንደ ወርቅ ነበር። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 25 በወቅቱ የተነገረ ቃል ከብር ሥራ መካከል በተቀመጠ የወርቅ ፍሬ ተመስሏል። እኛ እንደሚመስለን ወርቁ መልካሙ ቃል ነው፤ ብሩ ግን ቃሉ የሚነገርበት ጊዜ ነው። የምዕራፉ መግቢያ እንደሚገልጸው፤ እነዚህን የሰሎሞን ምሳሌዎች የሰበሰቡት የይሁዳ ንጉሥ የሕዝቅያስ ሰዎች ናቸው። ምክሩ በንጉሥ ሰዎች እጅ ያለፈ መሆኑን ስናስብ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ብዕር የያዝን ወጣቶች ጉዳዩ አይመለከተንም ልንል አንችልም።

መልካም ቃል ሁሉ በማናቸውም ሰዓት መልካም ነው ማለት አይደለም። በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 27፤ ማልዶ ተነሥቶ በታላቅ ድምፅ ባልንጀራውን የሚመርቅ ሰው፤ ምርቃቱ እንደ እርግማን እንደሚቈጠርበት ተነግሯል። በምርቃቱ ውስጥ ክፉ ቃል የለም፤ ጥፋቱ ሰሚው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ አለማሰቡ ነው።

ይህን ማሰብ ከሚችሉት አንዷ አቢግያ ነበረች። ታሪኳ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 25 ይገኛል። ባሏ ናባል የዳዊትን መልክተኞች ሰድቦ በመለሰ ጊዜ፤ ዳዊት 400 ሰው አስከትሎ ለበቀል ተነሣ። አቢግያ ስንቅ አስጭና በመንገድ ተቀበለችው፤ በትሕትናም፤ ወደፊት ሲነግሥ በከንቱ የፈሰሰ ደም እንዳይጸጽተው አሳሰበችው። እርሱም ተመለሰ። ወደ ቤቷ ስትገባ ግን ናባልን ሰክሮ ስላገኘችው፤ እስኪነጋ ድረስ አንዳች አልነገረችውም። ለተቈጣው ፈጠነች፤ ለሰከረው ዘገየች።

ሮብዓም የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰሎሞን ከሞተ በኋላ ሕዝቡ በሴኬም ተሰብስቦ ቀንበሩን እንዲያቀልለት ለመነው። ንጉሡ የሦስት ቀን ቀጠሮ ሰጠ። ሽማግሌዎቹ በዚያን ዕለት ሕዝቡን በመልካም ቃል ቢመልስ ለዘለቄታው እንደሚገዛለት መከሩት፤ እርሱ ግን አብሮ አደጎቹን ሰምቶ በማስፈራራት መለሰ። ዐሥሩ ነገድ ከዳዊት ቤት ተለየ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉን ሊመልሰው አልቻለም።

እኛም ሥራ በጀመርንበት ሰሞን አንድ ሽማግሌ ባለጉዳይ ወደ መስኮታችን መጡ። ፊርማው አላለቀም ነበርና፤ ቀና ሳንል «ነገ ይምጡ» አልናቸው። ሦስት ቀን ተመላለሱ። በአራተኛው ቀን አንድ ነባር የሥራ ባልደረባችን ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸውና፤ «አባባ፤ የሚፈርሙት ሰው የሚገቡት ዓርብ ነው፤ እስከዚያ አይድከሙ» አላቸው። ሽማግሌው መርቀውት ሄዱ። ጉዳያቸው በአንድ ቀን እንኳ አልፈጠነም። እኛ ይቅርታ የጠየቅናቸው ዓርብ ዕለት ነው፤ ይቅርታችንም የሦስት ቀን መንገዳቸውን አልመለሰላቸውም።

መልካም ቃል ማለት የማይሆነውን ይሆናል ብሎ ማባበል እንዳልሆነ ከባልደረባችን ተምረናል። እርሱ የተናገረው እውነቱን ብቻ ነው፤ ነገር ግን ለሰሚው በሚጠቅምበት ሰዓትና በአክብሮት ተናገረው። ያው እውነት በመጀመሪያው ቀን በእኛም ዘንድ ነበር።

ነገ ሰኞ ነው። በየመስኮቱ ሰው ይቆማል፤ የሁሉም ጉዳይ በዕለቱ ላያልቅ ይችላል። ቀና ብሎ መቼ እንደሚያልቅ መንገር ግን የማንንም ፊርማ አይጠብቅም።