ስለ በረዶ ሠሪው መሣሪያ ጠባይና ጥገና

ውሃ በቍር ኀይል ሲረጋ በረዶ እንደሚሆን ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ ይኸው ውሃ ግን ከቧንቧ ተነሥቶ፣ የሰው እጅ ሳይነካው በልክ ተቀድቶ፣ ረግቶ፣ ከረጋበት ተላቆ፣ በሳጥን ተጠራቅሞ፣ ሳጥኑም በሞላ ጊዜ ሥራው ያለ አዛዥ ጸጥ እንዲል ያደረገውን ጥበብ፣ በረዶውን ዕለት ዕለት ከብርጭቋችን የምንጨምረው ሰዎች እንኳ ብዙዎቻችን ልብ ብለን አልመረመርነውም።

በተለምዶ አይስ ሜከር የሚባለው ይህ መሣሪያ በአሜሪካ በሚሸጡት ፍሪጆች ውስጥ መገኘቱ የተለመደ ስለሆነ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ቤቱን ሲረከቡ እርሱንም አብረው ይረከቡታል። በተበላሸ ጊዜ ግን አንዱ ባለሙያ ጠርቶ ብዙ ገንዘብ ይከፍላል፤ አንዱ ምክንያቱን ሳይመረምር አሮጌውን ነቅሎ በአዲስ ይተካና፣ አዲሱም እንደ አሮጌው በረዶ አልሰጥ ሲለው ግራ ይጋባል፤ ሌላው ደግሞ ተስፋ ቈርጦ ቦታውን የሥጋና የበርበሬ ማስቀመጫ ያደርገዋል። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው የሥራውን ተራ ማወቅ ነው። በዚህ መሣሪያ ውስጥ እያንዳንዱ ተግባር የሚቀድመውን ተግባር ፍጻሜ እየጠበቀ የሚከናወን ስለሆነ፣ ተራውን ያወቀ ሰው የት ላይ እንደ ተቋረጠ ለመለየት አይቸገርም፤ ብልሽቱ የሚታይበት ቦታና ብልሽቱ የሚመነጭበት ቦታም ብዙ ጊዜ የተለያዩ መሆናቸውን ይረዳል።

ሰው በረዶን በመሣሪያ መሥራት ከመቻሉ በፊት በረዶ በክረምት ከሐይቆች ላይ በመጋዝ እየተቈረጠ የሚነገድበት ሸቀጥ ነበር፤ ፍሬድሪክ ቱዶር የተባለው የቦስተን ነጋዴም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1806 ወደ ማርቲኒክ ደሴት፣ በ1833 ደግሞ እስከ ካልካታ ድረስ በመርከብ ልኮታል። በፍሎሪዳ የባሕር ጠረፍ በምትገኘው በአፓላቺኮላ ከተማ ይኖር የነበረው ሐኪም ጆን ጎሪ ግን፣ በንዳድና በቢጫ ወባ የሚሠቃዩትን ሕሙማን ክፍል ለማቀዝቀዝ ሲል፣ አየርን አምቆ መልሶ በማስፋት በረዶ የሚሠራ መሣሪያ ፈለሰፈ፤ በሜይ 6 ቀን 1851ም ቍጥሩ 8080 የሆነ የፈጠራ ባለመብትነት ተሰጠው። ሥራውን የሚያስፋፋበት ገንዘብ አጥቶ በ1855 በድህነት ዐረፈ፤ ዛሬ በዋሽንግተን ካፒቶል ውስጥ የፍሎሪዳ ግዛት ካቆመቻቸው ሁለት ሐውልቶች አንዱ የእርሱ ነው። በቤት ፍሪጅ ውስጥ በራሱ ጊዜ እየሠራ በረዶ የሚያከማቸው መሣሪያ የወጣው ግን ከዚህ በኋላ መቶ ዓመት ቆይቶ ነው፤ በኢንዲያና ግዛት በኢቫንስቪል ከተማ የነበረው የሰርቬል ኩባንያ በ1953 ለገበያ አቀረበው።

አሁን በብዙ ቤት የሚገኘውንና የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው በረዶ የሚሰጠውን ዓይነት ብንመለከት፣ ዋናው አካሉ ከአሉሚኒየም የተሠራች ጠባብና ረዘም ያለች ገበቴ ናት። ገበቴዋ ብዙ ጊዜ በስምንት ጐድጓዶች የተከፈለች ስትሆን፣ በጐድጓዶቹ መካከል ያሉት ግድግዳዎች ከላይ ጥቂት ተሸርፈው የተሠሩ በመሆናቸው፣ ከአንድ ጫፍ የገባው ውሃ ከአንዱ ወደ አንዱ እየፈሰሰ ሁሉንም እኩል ይሞላል። ከገበቴዋ ራስ ላይ በፕላስቲክ ክዳን የተሸፈነ ክፍል አለ፤ በዚያ ውስጥ ትንሽ ሞተር፣ ጥርስ ያላቸው መዘውሮችና የገበቴዋን ብርድ በመንካት የሚያውቀው ቴርሞስታት ይገኛሉ። ውሃውን የሚለቀውና የሚይዘው ቫልቭ ግን ከዚህ ርቆ ከፍሪጁ ጀርባ ከታች ተቀምጧል፤ ይህ መራራቅ ኋላ ለምንነጋገርበት ስሕተት ምክንያት ስለሆነ አንባቢ ከአሁኑ ልብ ይበለው።

ሥራው ሲጀመር ቫልቩ ለሰባት ሰከንድ ተኩል ያህል ይከፈትና 140 ሚሊ ሊትር የሚሆን ውሃ በቀጭን ቱቦ ወጥቶ ከገበቴዋ ይገባል። ከዚህ በኋላ መሣሪያው ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ የሚጠብቀውም ሰዓትን አይደለም፤ ብርድን ነው። የገበቴዋ ሙቀት ወደ 17 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለት ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲወርድ ቴርሞስታቱ ኤሌክትሪኩን ያገናኛል፤ ከገበቴዋ ሥር የተጠመዘዘው 185 ዋት ያህል ኀይል ያለው ማሞቂያም ይግላል። በረዶን ከማደሪያው የሚያወጣው ሙቀት መሆኑ ለሰሚው እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በረዶው ከአሉሚኒየሙ ጋር እጅግ የተጣበቀ ስለሆነ፣ የሚነካው ገጽ በስሱ ቀልጦ ውሃ ካልሆነ በቀር የሚላቀቅበት መንገድ የለውም።

በዚሁ ጊዜ ሞተሩ በአንድ ዘንግ ላይ የተሰለፉትን ጣቶች እያዞረ በበረዶው ላይ ይጫናቸዋል። የመሣሪያው ሠሪዎች ማስተዋል ከሁሉ ይልቅ የተገለጠው በዚህ ነው፤ ሞተሩን ብርቱ አድርገው ቢሠሩት ኖሮ ጣቶቹን ይሰብር ወይም ገበቴዋን ያጣምም ነበር፤ እነርሱ ግን ሆን ብለው ደካማ አድርገው ስለ ሠሩት፣ ጣቶቹ ከበረዶው ጋር በተገናኙ ጊዜ ሞተሩ ኤሌክትሪክ እየተቀበለ፣ ሳይቃጠልም ሳይገፋም፣ በዚያው ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ እንጀራ ጊዜው ሳይደርስ ከምጣዱ እንደማይነሣ ሁሉ፣ በረዶውም እስኪላቀቅ ድረስ ግድ አይሉትም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስምንቱ አንድ ላይ ተንሸራተው ይወጡና ወደ ሳጥኑ ይወድቃሉ። በጎን ያለው የሽቦ ክንድም በዚህ መካከል ወደ ላይ ተነሥቶ መልሶ ይወርዳል፤ ሳጥኑ ሞልቶ በረዶው ከያዘው ግን ከፍ እንዳለ ይቀራል፤ ክንዱ እስኪወርድም ድረስ አዲስ ሥራ አይጀመርም።

እንግዲህ በረዶ በቀረ ጊዜ በመጀመሪያ መታየት ያለበት ይኸው ክንድ ነው። ከፍሪዘሩ የታጨቀ የሥጋ ከረጢት ወይም የምግብ ካርቶን ክንዱን ገፍቶ ከፍ አድርጎት፣ ባለቤቱ ግን መሣሪያው የተሰበረ መስሎት የሚጨነቅበት ጊዜ ብዙ ነው። በአዳዲሶቹ ፍሪጆች በክንዱ ፈንታ በዐይን የማይታይ ብርሃን የሚልክና የሚቀበል ዳሳሽ ስለሚኖር፣ ፊቱን በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይገባል። ከዚህ ቀጥሎ የፍሪዘሩን ብርድ በቴርሞሜትር መለካት ያሻል፤ ተገቢው ልክ 0 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከ10 ዲግሪ ፋራናይት በላይ ከሆነ ቴርሞስታቱ የሚጠብቀው ብርድ ዘግይቶ ይደርሳል ወይም ጭራሽ አይደርስም፤ ያን ጊዜ የሚመረመረው በረዶ ሠሪው ሳይሆን የበሩ ጎማና ከኋላ ወይም ከሥር አቧራ የለበሰው የፍሪጁ የሙቀት ማስወጫ ቱቦ ነው።

ብርዱ ደኅና ሆኖ ገበቴዋ ባዶ ከሆነች የውሃውን መንገድ ከምንጩ ጀምሮ መከተል ነው። ከዚህ ወዲያ እጅ ከመሣሪያው ስለሚገባ፣ ስፒናውን ከሶኬቱ መንቀልና የውሃውን መዝጊያ መዝጋት ግዴታ ነው፤ በዚህ መሣሪያ ውስጥ 120 ቮልት ኤሌክትሪክና ውሃ እጅግ ተቀራርበው ይኖራሉ። ብዙ ጊዜ የመዳብ ቧንቧን በመርፌ ወግቶ ውሃ የሚቀዳው ርካሹ መዝጊያ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ በዝገትና በደለል ይደፈናል፤ ይህን በተገቢው ሙሉ መዝጊያ መተካት ከሁሉ የተሻለ ነው። ማጣሪያው በስድስት ወር አንድ ጊዜ የማይለወጥ ከሆነም ውሃውን ያንቃል። ብዙዎቹ ቫልቮች በሚገባ ለመሥራት ቢያንስ በአንድ ካሬ ኢንች 20 ፓውንድ ግፊት ያስፈልጋቸዋል፤ ከማእድ ቤት ቧንቧ ሥር ሌላ የውሃ ማጥሪያ ያስገቡ ሰዎችም ግፊቱ ከዚህ እንዳያንስ መጠንቀቅ አለባቸው።

አሁን ያን ስሕተት እንመልከተው። ውሃውን ወደ ገበቴዋ የሚያደርሰው ቱቦ በፍሪዘሩ የኋላ ግድግዳ በኩል ሲወጣ አፉ በበረዶ ተደፍኖ ይገኛል፤ ባለቤቱም በፀጉር ማድረቂያ አቅልጦት፣ ወይም በስሪንጅ ለብ ያለ ውሃ ጨምሮበት፣ ሥራው ሲመለስ ደስ ይለዋል፤ ዳሩ ግን ጥቂት ጊዜ ቆይቶ ያው ይደገማል። የዚህ ነገር መነሻ ብዙውን ጊዜ ቱቦው አይደለም፤ ከታች ከፍሪጁ ጀርባ ያለው ቫልቭ ነው። ቫልቩ ሲዘጋ የሚረዳው የውሃው የራሱ ግፊት ስለሆነ፣ ግፊቱ ያነሰ እንደ ሆነ ወይም ከማረፊያው ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የተቀመጠች እንደ ሆነ አጥብቆ አይዘጋም፤ ስለዚህ ውሃው በሌሊትና በቀን ጠብ ጠብ እያለ ይወጣል፤ በኀይል የሚፈስ ውሃ ሳይረጋ ያልፋል፣ በዝግታ የምትወርድ ጠብታ ግን ከቱቦው አፍ ላይ ትረጋለች፣ ቀጥላ የምትመጣውም በእርስዋ ላይ ትደረባለች። ለማረጋገጥ ስፒናው እንደ ተነቀለ፣ ከቫልቩ ወደ ላይ የሚሄደውን ቱቦ ፈትቶ፣ የውሃውን መዝጊያ መልሶ ከፍቶ፣ ደረቅ ወረቀት ከሥሩ ማኖር ነው፤ ኤሌክትሪክ የሌለው ቫልቭ አንዲት ጠብታ እንኳ ሊያወጣ አይገባውም። ወረቀቱ ከረጠበና ግፊቱ ደኅና ከሆነ ቫልቩን በአዲስ መተካት ነው፤ ዋጋው መጠነኛ፣ ሥራውም ካቻቪቴ ለያዘ ሰው ቀላል ነው። በረዶ ሠሪውን ለውጦ አሁንም በረዶ ያጣው ሰው የሳተው ይህን ነው።

ውሃው ገብቶ፣ ረግቶ፣ ነገር ግን ከገበቴዋ አልወጣ ካለ፣ ጉድለቱ ከቴርሞስታቱ፣ ከሞተሩ ወይም ከማሞቂያው ላይ ነው። በፕላስቲኩ ክዳን ሥር በፊደላት የተለዩ የመፈተኛ ቀዳዳዎች ያሉት ዓይነት ከሆነ፣ ስፒናው እንደ ተነቀለ ቴስተሩን በኦም ላይ አድርጎ ኤል እና ኤች በተባሉት ውስጥ ማስገባት የማሞቂያውን ሁኔታ ያሳያል፤ ደኅነኛው ከ70 እስከ 80 ኦም አካባቢ ይነበባል፤ ቴስተሩ ምንም ግንኙነት ካላሳየ ሽቦው ከውስጥ ተቈርጧል። ማሞቂያው ከገበቴዋ ጋር ተጣብቆ ስለሚሠራ፣ ያን ጊዜ ሙሉውን በረዶ ሠሪ መለወጥ ተገቢ ነው።

በረዶው ራሱም ለሚያስተውለው ሰው ብዙ ይናገራል። አንሶና ሳስቶ ቢወጣ ውሃው በልክ አለመግባቱን ያመለክታል። መካከሉ ነጭ መሆኑ ግን ጉድለት አይደለም፤ ውሃው ከዳር ወደ መካከል ሲረጋ በውስጡ የሟሟውን አየርና ማዕድን ወደ መሐል ስለሚገፋ ነው። በሳጥኑ ውስጥ እርስ በርሱ ከተጣበቀ ወይ ብርዱ ተለዋውጧል፣ ወይ በረዶው ሳይነካ ብዙ ቀን ከርሟል። በረዶ ሽታን የመሳብ ጠባይ ስላለው፣ በእኛ ሰው ፍሪዘር ክዳኑ ያልተከደነ ንጥር ቅቤና በርበሬ ባለበት ሁሉ እንግዳው የሚቀርብለት ውሃ የቅቤ ጠረን ይዞ ይመጣል፤ ቅቤውን አጥብቆ መክደን፣ ሳጥኑንም በለብታ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ማጠብ ይህን ያስወግዳል።

ፍሪጁ ራሱ ማቀዝቀዝ ያቆመ እንደ ሆነ ጉዳዩ ከቤት ጥገና ወሰን ያልፋል። የማቀዝቀዣው ጋዝ የሚዘዋወርበትን የታሸገ ቧንቧ መክፈት በአሜሪካ ሕግ ብዙ ጊዜ የምስክር ወረቀት ላለው ባለሙያ ብቻ የተፈቀደ ነውና እዚያ እጅን መሰብሰብ ይገባል። ጥገናው በቤት የተፈጸመ እንደ ሆነ ግን ውሃው ተከፍቶ፣ መጋጠሚያዎቹ እንዳያፈሱ በደረቅ ጨርቅ ተዳብሰው፣ ፍሪጁም ቱቦው ሳይታጠፍ ወደ ግድግዳው ተመልሶ እስከ 24 ሰዓት መታገሥ ያሻል፤ በመጀመሪያ የሚወጣው በረዶ በአየርና በአዲሱ ማጣሪያ ብናኝ ምክንያት ቅርጹና ጣዕሙ የተበላሸ ሊሆን ስለሚችል ይደፋል።