እውነት ወይስ ተረት? በደወሌ መንገድ የተጎዳ ሰውና ካሳው

ከድሬዳዋ ተነስቶ በሲቲ ዞን አቋርጦ ደወሌ የሚደርሰው የክፍያ መንገድ ወደ 220 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ወደ ጅቡቲ የሚወርድና ከጅቡቲ የሚመጣ ተሳቢ ቀንና ሌሊት ይመላለስበታል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ደግሞ ግመል የሚያግድ እረኛ፣ ውሃ ቀድታ የምትመለስ ልጅ፣ ለሹፌሮች ሻይ የምታፈላ እናት አሉ። አደጋ ሲደርስ ወሬው ከአምቡላንሱ ይቀድማል፤ ከወሬው ጋር ምክሩም ይመጣል። “ዲያው ይከፈላል፣ ተዉት።” “ሹፌሩ ምን አለውና?” “ታርጋው የጅቡቲ ነው።” እነዚህ አባባሎች የሚጎዱት ጥቂት እውነት ስለተቀላቀለባቸው ነው። የተጎጂ መብት በብዛት የሚጠፋው ችሎት ፊት አይደለም። ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ሰው በሐዘንና በድንጋጤ ውስጥ ሳለ በሚያኖረው ፊርማ ነው።

“ዲያ ከተከፈለ ክስ የለም” የሚለውን እናስቀድም፤ ከሁሉም የከበደው እሱ ነውና። ዲያ በባህላዊ ሕግ የሚከፈል የደም ካሳ ነው። የኢሳ ሶማሌዎች የሚተዳደሩበት ሄር ኢሴ በ44 ሽማግሌዎች እንደተደነገገ የሚነገርለት፣ ዩኔስኮም በ2017 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው ሕግ ነው። ደም ያደርቃል፣ ጎሳ ከጎሳ ያስታርቃል፤ የሚንቀው ጠበቃ አካባቢውን አያውቀውም ማለት ነው። ነገር ግን የሰው ሕይወት በጠፋበት አደጋ ዲያ መከፈሉ ብቻውን የዐቃቤ ሕግን የወንጀል ክስ አያስቀርም። ዕርቁ ለሹፌሩ ቅጣት ማቅለያ ሊሆን ይችላል እንጂ መዝገቡን አይዘጋውም።

የካሳው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ የሚወሰነው በተጻፈው ወረቀት ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3312 መሠረት ተዋዋዮች ያደረጉት የግልግል ስምምነት በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይጸናል። ስለዚህ “ለሕክምና 30 ሺህ ብር ተቀብያለሁ” ብሎ መፈረምና “30 ሺህ ብር ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ በባለንብረቱ ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም” ብሎ መፈረም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የመጀመሪያው ደረሰኝ ነው። ሁለተኛው እግሩ ተቆርጦ ሆስፒታል የተኛ ሰው የወደፊት ኑሮውን የሚለቅበት ሰነድ ነው። ሽማግሌ ፊት የሚነበበው ወረቀት በአማርኛ ተጽፎ ፈራሚው ሶማሊኛ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ፣ እስከ መጨረሻዋ መስመር ድረስ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲተረጎምለት መጠየቅ ድፍረት ወይም አለመተማመን ሆኖ መታየት የለበትም።

የፈረመው ማን ነው የሚለውም ይታይ። ዲያ የሚከፈለውም የሚከፋፈለውም በጎሳ ሥርዓት ነው፤ ባለቤቷ የሞተባት ሴት እጅ የሚደርሰው ድርሻ ትንሽ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2095 ግን የሟች ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ልጆች በራሳቸው ስም ካሳ እንዲጠይቁ ይፈቅዳል፤ ካሳውም በመተዳደሪያ ቀለብ መልክ ይታሰባል። ይህ የጎሳው ገንዘብ አይደለም፣ የእነሱ መብት ነው። ሚስቲቱ ያልተገኘችበትና ያልወከለችበት ስምምነት የእሷን ጥያቄ ዘግቷል የሚል ሰው ካለ፣ በሕግ የሚከራከርላት ጠበቃ ያስፈልጋታል። በዚህ ላይ የምቆመው ያለ ምንም ማመንታት ነው፤ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው እሷ ናትና።

“ሹፌሩ ደሃ ነው፣ ምን ይከፍላል?” ይህኛው ፈጽሞ ስህተት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 ኃላፊነቱን የሚጥለው በተሽከርካሪው ባለንብረት ላይ ነው፤ መኪናውን እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳውም እንኳ። ባለንብረቱ በዚህ በኩል የሚድነው መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ሲያስረዳ ነው። “እኔ አላጠፋሁም፣ ፍሬን ነው የበጠሰው” ማለት አያዋጣውም። ተጎጂው ራሱ ያጠፋው ነገር ካለ ግን ካሳው ሊቀነስ ይችላል።

ስለዚህ አደጋው ቦታ ላይ መያዝ ያለበት የሹፌሩ ስም ብቻ አይደለም። የመኪናው ታርጋ፣ የተሳቢው ታርጋ (ተሳቢ የራሱ ታርጋ አለው፣ ባለቤቱም ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል)፣ በመስታወቱ ላይ የተለጠፈው የሦስተኛ ወገን መድን ስቲከር፣ ትራፊክ ፖሊስ የሚያነሳው ፕላን (የአደጋው ንድፍ)፣ በኋላም ሊብሬው በማን ስም እንዳለ። በሽያጭ ተላልፎ ስሙ ሳይዛወር በውክልና ብቻ የሚሽከረከር መኪና በአገራችን ብዙ ነው። ጥሩ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያጣራው ይህን ነው።

የመድኑ ነገር በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ይገዛል፤ ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መንዳት ክልክል ነው። አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት ወይም የአካል ጉዳት የተቀመጠው ጣሪያ 40 ሺህ ብር ነበር፤ የሚጠይቅ ሰው በጊዜው የሚሠራበትን መጠን ይጠይቅ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ይህን ጣሪያ የካሳው ሁሉ ጣሪያ አድርገው ሲወስዱት ነው። መድን ድርጅቱ ከሚከፍለው በላይ ያለው ጉዳት ከባለንብረቱ ይጠየቃል። ገጭቶ ያመለጠ መኪና ሳይታወቅ ቢቀር ወይም መድን የሌለው ቢሆን ደግሞ ለዚሁ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ፤ ለፖሊስ ቶሎ ማስመዝገብ ግን ግድ ነው።

“የጅቡቲ ታርጋ ከሆነ ድንበር ከተሻገረ አለቀ” የሚባለውም ተረት ነው። ኢትዮጵያም ጅቡቲም የኮሜሳ ቢጫ ካርድ አባላት ናቸው። ካርዱ አንድ አገር የተገዛ የሦስተኛ ወገን መድን በሌላው አባል አገር እንዲሠራ የሚያደርግ ነው፤ በእኛ በኩል ቢሮው ያለው በኢትዮጵያ መድን ድርጅት ነው። መኪናው ደወሌ ኬላ ላይ ሳለ የካርዱን ቁጥር ማስመዝገብ በኋላ ብዙ ልፋት ያድናል።

“ሹፌሩ በወንጀል ነፃ ወጣ፣ እንግዲህ ካሳ የለም።” ይህም ስህተት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔር ዳኛ በወንጀል ችሎቱ የነፃ መለቀቅ ውሳኔ አይታሰርም።

“የደመወዝ ወረቀት የለኝምና ገቢዬን ማስረዳት አልችልም” የምትል ሻይ ሻጭ ወይም የግመል ወተት ነጋዴ በደወሌ ብዙ ናት። ጉዳቱን በትክክል ማስላት ሳይቻል ሲቀር ዳኛው በርትዕ እንዲወስን ቁጥር 2102 ይፈቅዳል። ለዚህም የሚያውቋት ደንበኞችና ጎረቤቶች ምስክርነት፣ የንግድ ፈቃድ ካላት እሱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሐኪሞች ቦርድ የሰጠው የአካል ጉዳት መጠን ማስረጃ ያስፈልጋሉ። ከደወሌ በጽኑ የተጎዳ ሰው ድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል ሲገባ ቤተሰቡ የሕክምናውን ደረሰኝ አንድ በአንድ ያስቀምጥ። የሕሊና ጉዳት ካሳ ግን ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ሕጉ በቁጥር 2116 ገድቦታል። በ1952 ዓ.ም. ገንዘብ የነበረ 1,000 ብር ዛሬ የሐዘንተኛ ድንኳን ኪራይ አይሸፍንም፤ ይህ አንቀጽ መሻሻል ያለበት ከብዙ ዓመት በፊት ነበር።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የሚቀርብ ክስ በመሠረቱ በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ ይርጋ ካስቀመጠለት ረጅሙ ይሠራል፤ ሆኖም በዚህ ተስፋ ተደግፎ መቀመጥ አደገኛ ነው። ዳኛው ይርጋን በራሱ አያነሳም፣ የመድን ድርጅት ጠበቃ ግን ሳያነሳው አያልፍም። በሽምግልና የሚያልፉት ወራት ደግሞ ሳይታወቁ ነው የሚያልቁት።

የጠበቃው ነገር ቀረ። ሆስፒታል በር ላይ “እኔ አስከፍልሃለሁ” የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ጠበቃ አይደለም፤ ፈቃዱን አሳየኝ ይባላል። ፈቃዱ የክልል ነው የፌዴራል የሚለውም ይጠየቃል። የባለንብረቱ መኖሪያ አዲስ አበባ፣ የተጎጂው ደወሌ ከሆነ ጉዳዩ የፌዴራል ሥልጣን ውስጥ ይገባልና። የሚሰጠው ውክልና ውስጥ “ለመታረቅ፣ ለመስማማትና ገንዘብ ለመቀበል” የሚሉት ቃላት ካሉ፣ ተወካዩ ያላማከረንን ስምምነት በእኛ ስም መፈረም ይችላል ማለት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ለዚህ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ያለው በምክንያት ነው። መከራከርን ፈቅዶ ዕርቅንና ገንዘብ መቀበልን ለራስ ማስቀረት ይቻላል፤ የሰነዶች ማረጋገጫ ጸሐፊው ፊት ሆኖ እነዚያን ቃላት አስወጣልኝ ማለት ይበቃል። የጠበቃው አበል ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈልም በጽሑፍ ይሁን።

ገንዘብ የሌለው ሰው የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍል በደሃ ደንብ መክሰስ ይችላል፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ ይፈቅድለታል። የጅግጅጋና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶችም አቅም ለሌለው ሰው ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ከደወሌ ተነስቶ ለሚሄድ ሰው መንገዱ ሩቅ ነው። ሲሄድ የፖሊሱን ፕላን ቅጂ፣ የሕክምና ማስረጃውንና አስቀድሞ የፈረመው ወረቀት ካለ እሱን ይዞ ይሂድ።