ከላይኛው ጥርስ ሥር ወደ ሳይነስ

አንድ ወገን አፍንጫ ብቻ ተደፍኖ፣ ከዚያው ወገን መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሲወርድና ጉንጭ ሲከብድ፣ ብዙ ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ያልፈዋል። ሐቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል በሚነሣባት በካርቱም ደግሞ ማመካኛ አይጠፋም። ይሁንና ጉንፋንና አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ወገን ስለሚይዙ፣ በአንድ ወገን ብቻ የጸና ሕመም ሲያጋጥም የላይኛውን ጥርስ መመርመር ያስፈልጋል።

ከላይኛው መንጋጋ ጥርሶች ሥር በላይ፣ በጉንጭ በኩል፣ ሳይነስ የሚባል አየር የሞላው የአጥንት ክፍተት አለ። ወለሉን ከጥርሱ ሥር የሚለየው አጥንት እጅግ ስስ ነው፤ በአንዳንድ ሰው ላይ ቀጭን ሽፋን ብቻ ይቀራል። መውጫው ደግሞ ከታች ሳይሆን ከላይ በኩል ነው። ፈሳሹን ሽቅብ የሚገፉት ሲሊያ የሚባሉት ረቂቅ ፀጉሮች ናቸው (የባዮሎጂ መምህር ስለ ሲሊያ ሲያስተምር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም)። እነርሱ ሲደክሙ ፈሳሹ ይጠራቀማል።

የተበላሸን መንጋጋ ጥርስ ሳይነቅሉ ለማዳን ሐኪሙ ነርቩን አውጥቶ የሥሩን ቦይ ካጠበ በኋላ ይሞላዋል። ቦዩ በሚገባ ሳይጸዳ ከተደፈነ መግሉ ወደ ላይ መንገድ ያበጃል፤ መሙያው ከሥሩ ጫፍ አልፎ ከወጣም ሳይነስ ውስጥ ሊያርፍ ይችላል። በብዙ መሙያዎች ውስጥ ዚንክ ኦክሳይድ ከቅርንፉድ ዘይት ከሚገኘው ዩጂኖል ጋር ተደባልቆ ይገኛል። በእንዲህ ያለ መሙያ ዙሪያ አስፐርጂለስ የተባለ ሻጋታ ተድቦልቡሎ ሲያድግ ታይቷል፤ ዚንኩ ለእድገቱ ይረዳዋል ተብሎም ይገመታል። ይህ ድብልብል አጥንት ሰርስሮ ስለማይገባ፣ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።

በሱዳን ግን ሌላ፣ ከጥርስ ጋር ያልተያያዘ የሻጋታ በሽታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሚሎሼቭ፣ ማህጉብና ባልደረቦቻቸው 17 ሕሙማንን መርምረው ስለዚሁ ጽፈዋል። ዋናው ምክንያት አስፐርጂለስ ፍላቩስ ነው፤ በኦቾሎኒ ላይ አፍላቶክሲን የሚያመነጨው ያው ሻጋታ ማለት ነው። የመከላከያ አቅሙ ያልደከመን ሰው እንኳ ይይዛል፤ ቀስ በቀስ አጥንቱን አልፎ ወደ ዓይን ቤት ይገባና ዓይንን ወደ ውጭ ይገፋል። ከቀዶ ሕክምና በኋላም ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል የጸረ ሻጋታ መድኃኒት ይታከልበታል።

ሁለቱ በሽታዎች ሲጀምሩ ይመሳሰላሉ። ለመለየት የሲቲ ስካን ራጅና የናሙና ምርመራ፣ እንዲሁም የጥርስና የአንገት በላይ ሐኪሞች አብረው ማየታቸው ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በተነሣው ጦርነት ብዙዎቹ የካርቱም ሆስፒታሎች ሥራ ሲያቋርጡ፣ በመተማ በኩል ወደ አገራችን የገቡ ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱ መካከል ይህ ሕመም ያለበት ሰው ለሐኪሙ ሁለት ነገር ይንገር፦ የትኛው ጥርሱ እንደ ታከመና በሱዳን ስንት ዓመት እንደ ኖረ።