የውድማው ምት በመውቂያ ማሽን ድምፅ ሳይዋጥ

ማሽላ በዱላ በሚወቃበት ውድማ ሥራውና ዜማው ተነጣጥለው አይታዩም። ወቂዎቹ ፊት ለፊት ይሰለፋሉ፤ የአንዱ ወገን ዱላ ሲያርፍ የሌላው ይነሣል። አውራጁ ያወርዳል፣ የቀሩት ይቀበላሉ። ምቱ ከተዛባ ዱላ ከዱላ ይጋጫል፤ ከተስተካከለ ደግሞ ድካሙ ይቀላል። በደቦና በወንፈል አጨዳም ማጭዱ የሚሄደው በዜማው ፍጥነት ነው። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ተራ በተራ ሲወቅጡም የዘነዘናው ድምፅ ራሱ ከበሮ ይሆናል።

ይህ ጉዳይ የዓለምን ምሁራንና ሙዚቀኞች ሲያነጋግር ቆይቷል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1896 ጀርመናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ካርል ቡኸር ስለ ሥራና ምት በጻፈው መጽሐፍ፣ ሙዚቃና ግጥም ሰዎች በጋራ ሲሠሩ ከሚፈጥሩት ምት ጋር የተሳሰሩ መሆናቸውን አስረድቷል። በ1913 ጣሊያናዊው ሉዊጂ ሩሶሎ የማሽንና የከተማ ጩኸት የሙዚቃ ግብዓት ይሁን ሲል ጻፈ፤ ጩኸት የሚያወጡ መሣሪያዎችንም ሠራ። በ1922 ደግሞ አርሴኒ አቭራሞቭ በባኩ ከተማ በፋብሪካና በመርከብ ጡሩምባ፣ በመድፍና በመዘምራን ድምፅ ትልቅ ትርኢት አቅርቧል።

በአገራችንም መንገዱ ተጀምሯል። እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ የአገር ቤትን ዜማና ምት በኮምፒውተር ከሚሠራ ሙዚቃ ጋር አዋህደው በ2014 ለዓለም አድማጭ አቅርበዋል። በአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ለሚያድግ ወጣት የእህል ወፍጮ ሞተርና የብረት ቅጥቀጣ ድምፅ የዕለት ተዕለት ነው። ያንን ከውድማው ምት ጋር ማዋሃድ የሚፈልግ ሙዚቀኛ ግን ውድማውን ከየት ያገኘዋል?

ጥያቄው ወቅታዊ ነው። ኮምባይነርና መውቂያ ማሽን ጊዜ ይቆጥባሉ፣ ጉልበት ያሳርፋሉ፤ አርሶ አደሩ ወደ ዱላ ይመለስ የሚል የለም። ነገር ግን ማሽን አውራጅ አያስፈልገውም። አውራጁ ዝም ካለ ተቀባዩም ይረሳል፤ የሚቀጥለው ትውልድም ዜማውን የሚማርበት ቦታ ያጣል።

ስለዚህ የወረዳ ግብርና እና ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ማሽኑ ወደ ቀበሌው ከመግባቱ በፊት ሊተባበሩ ይገባል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በእጁ ባለው ስልክ መቅዳት ይችላል። ቀረጻው መድረክ ላይ ሳይሆን እውነተኛው ሥራ በሚከናወንበት ቦታ ይሁን፤ ምቱ ያለው በዱላውና በማጭዱ ውስጥ ነውና። የቀበሌው ስም፣ የሰብሉ ዓይነት፣ ቀኑና የአውራጁ ስም ይመዝገብ። ፈቃድም አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ሙዚቀኛ ቢጠቀምበት የባለቤቶቹ ስም እንዲነሣ ስምምነት ይደረግ። አንድ ቅጂ በቀበሌው ትምህርት ቤት ይቀመጥ።

ዘንድሮ እህሉን በማሽን የሚወቃ አርሶ አደርም ለልጆቹ ዜማውን ቢያሰማ የሚያጣው ነገር የለም። ምርቱ ጎተራ ሲገባ ምቱም ማስቀመጫ ያግኝ።