ሹራብ፣ ጓዳና ሐይቅ፦ ስለ እናቶች የእጅ ሥራና ስለ ክፍት ውሃ ዋና የሚባለውና እውነታው

ክፍት ውሃ ዋና የሚባለው ግድግዳና መስመር ባለው ገንዳ ሳይሆን በሐይቅ፣ በወንዝ ወይም በባሕር ላይ የሚደረግ የረዥም ርቀት ዋና ሲሆን፣ የ10 ኪሎ ሜትሩ ውድድር እ.ኤ.አ. ከ2008 የቤጂንግ ጨዋታ ጀምሮ የኦሎምፒክ አካል ሆኗል። ባሕር በሌላት ኢትዮጵያ፣ ይልቁንም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቆረቆረችው መቀሌ፣ እንዲህ ያለውን ልምምድ ከቤተሰብ ኃላፊነትና ከእጅ ሥራ ጋር አጣጥሞ መያዝ ለብዙዎች እንግዳ ሐሳብ ነው። ስሙን በ1935 ዓ.ም. ከተነሣው የትግራይ ገበሬዎች አመፅ በወሰደው በቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ ጥጥ የምትፈትል ወይም ሹራብ የምትሠራ እናት ማንንም አታስገርምም፤ ያችው እናት ሐይቅ ለማቋረጥ ትለማመዳለች ቢባል ግን ከአካሏ፣ ከጤናዋና ከቤቷ ጋር የተያያዙ ብዙ መከልከያዎች ይደረደራሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ጨርሶ መሠረት የላቸውም፤ ሌሎቹ ደግሞ ምክራቸው ልክ ሆኖ ምክንያታቸው የተሳሳተ ስለሆነ፣ በጅምላ ከመጣልም ሆነ በጅምላ ከመቀበል ይልቅ አንድ በአንድ ቢመረመሩ ይሻላል።

ተረት፦ «ዋና የባሕር ዳር ሰው ነገር ነው፤ ደገኛ ለውሃ አልተፈጠረም»

የደጋ ሰው አጥንቱ ከባድ ስለሆነ ውሃ አይሸከመውም የሚለው አባባል ከሰውነት አሠራር ጋር አይገጥምም። የሰው አካል ክብደት የእርሱን ያህል ቦታ ከሚይዝ ውሃ ክብደት ጋር እጅግ የተቀራረበ በመሆኑ፣ ሳንባው አየር ሲሞላ አብዛኛው ሰው የትም ይወለድ የት ይንሳፈፋል፤ የሚያሰምጠውም ፍርሃት የሚያመጣው መወራጨትና ትንፋሽን አለመቆጣጠር ነው። ኢትዮጵያም ብትሆን ዋናተኞችን በኦሎምፒክ አሰልፋለች፤ ያኔት ሥዩም እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን በ50 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ተወዳድራለች።

ከፍታው ግን ከቁም ነገር መቆጠር አለበት። በደቡባዊ ትግራይ ከኮረም ከተማ አጠገብ የሚገኘውና 5 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት፣ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሐሸንጌ ሐይቅ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ ሲሆን፣ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት፣ ከእርሱም ጋር በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን፣ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ሯጭ በፈለገው ጊዜ መተንፈስ ሲችል ዋናተኛ የሚተነፍሰው ፊቱን ከውሃ ባወጣበት ቅጽበት ብቻ ስለሆነ፣ በደጋው አየር ተወልዶ ያደገ ሰው ለከፍታው የለመደ ቢሆንም እንኳ የአተነፋፈሱን ሥርዓት እንደ አዲስ መማር ይኖርበታል፤ በሩጫ የተገኘ ብርታት ብቻውን ዋናተኛ አያደርግም።

ተረት፦ «በቀትር ወንዝ የገባ ጋኔን ይይዘዋል»

ይህ እምነት በሰሜኑም በመሐሉም የአገሪቱ ክፍል የታወቀ ሲሆን፣ ወላጆች ልጆቻቸውን በጠራራ ፀሐይ ከወንዝ የሚያርቁበት ዋነኛ ማስፈራሪያ ሆኖ ኖሯል። ምክንያቱ ተቀባይነት ባይኖረውም ምክሩ ከአንድ የተረጋገጠ አደጋ ጋር ይገጥማል። ብልሃርዚያ የሚባለው በሽታ የሚተላለፈው በውሃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ነው፤ የጥገኛ ትሉ እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ውሃ ውስጥ ገብቶ ይፈለፈላል፣ እጩ ትሉ ወደ ቀንድ አውጣው ዘልቆ ለሳምንታት ይራባል፣ ከዚያም በዓይን የማይታዩ ጭራ ያላቸው እጮች ሆኖ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይበተናል፤ እነዚህ እጮች የሰውን ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ በስተው ይገባሉ። በኢትዮጵያ ደጋና ወይናደጋ የሚገኘው፣ አንጀትንና ጉበትን የሚያጠቃው ዓይነት እጮቹን ከቀንድ አውጣው የሚለቀው በብርሃን ግፊት ስለሆነ፣ ቁጥራቸው ከፍ የሚለው እኩለ ቀን አካባቢ ነው። አባቶች ጋኔን ያሉትና ሳይንስ እጭ የሚለው አንድ አይደለም፤ ሰዓቱ መገጣጠሙ ግን ሊያስደንቅ ይገባል። ይህም ሆኖ ማለዳ የገባ ሰው ይድናል ማለት አይደለም፣ የውሃው ጥራትም ማስረጃ አይሆንም፤ ኩልል ያለ ምንጭ በሚመስል ጅረት ውስጥ እጮቹ ሊኖሩ ይችላሉ።

በዚህ ጉዳይ ትግራይ በዓለም የሕክምና ታሪክ ውስጥ ስሟ የሚነሣበት ምዕራፍ አላት። እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ብልሃርዚያን ሲያጠኑ የነበሩት ዶክተር አክሊሉ ለማ፣ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ሲንሳፈፉ፣ ከዚያ ከፍ ብሎ ግን በሕይወት እንዳሉ አስተዋሉ፤ ከዚያ ትዝብት ተነሥተው የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋገጡ፤ ለዚህም ሥራ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን ሽልማት ተቀበሉ። ያ ግኝት የተገኘው ከሴቶች የዘወትር የቤት ሥራ አጠገብ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም፤ ሴቶች ከወንዝ ጋር የነበራቸው ግንኙነት የመዝናኛ ሳይሆን የልብስ አጠባና የውሃ ቅጂ ሆኖ በመቆየቱ፣ ለበሽታው መጋለጡ ደርሷቸው ዋናው ሳይደርሳቸው ቀርቷል።

በተጨማሪም በመቀሌ ዙሪያና በሌሎች የትግራይ አካባቢዎች ለመስኖ የተሠሩት ትንንሽ ግድቦች ለዋና የተመቹ ቢመስሉም ሌላ አደጋ ይዘዋል። ዶክተር ቴድሮስ አድሃኖም ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ በትግራይ በግድብ አቅራቢያ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ የተመዘገበው የወባ ሕመም ከግድብ ርቀው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ውሃ ዳር ማምሸት፣ «ደጋ ላይ ወባ የለም» ተብሎ የሚናቅ ጉዳይ አይደለም። ለመጠጥ የተገደበ ውሃ ደግሞ ጭራሽ የመዋኛ ስፍራ ሊሆን አይገባውም። ስለ አንድ ሐይቅ ወይም ግድብ ደኅንነት መጠየቅ ያለበት የአካባቢው የጤና ተቋም ነው፤ አጠራጣሪ ውሃ ውስጥ የገባ ሰውም ምርመራ አድርጎ በሽታው ቢገኝበት ፕራዚኳንቴል በተባለው መድኃኒት ይታከማል።

ተረት፦ «ወላድ ሴት ውሃ ከገባች ብርድ ይገባታል፣ ምችም ይመታታል»

አራስን ከብርድ የመጠበቅ ልማድ በውስጡ ትልቅ የእንክብካቤ ጥበብ አለው። ከወሊድ በኋላ ማሕፀን እስኪሽርና ደም እስኪቆም፣ በተለምዶ እስከ ስድስት ሳምንት ያህል፣ ወደ ሐይቅም ሆነ ወደ ገንዳ አለመግባት የሐኪሞችም ምክር ሲሆን፣ ምክንያቱ ግን ቅዝቃዜው ሳይሆን ረቂቅ ተሕዋስያን ወደ ቁስሉ ገብተው ሊያመረቅዙት መቻላቸው ነው። ከዚያ ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ በቀዶ ሕክምና የወለደችው ደግሞ ሐኪሟ ከፈቀደላት በኋላ፣ ቀስ በቀስ የሚጀመር ዋና ማሕፀንን «አያቀዘቅዝም»፤ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴም የጡት ወተትን አያደርቅም። ምች የሚባለው የከንፈር ቁስል በበኩሉ የሚመጣው በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ከሚኖር ቫይረስ ሲሆን፣ ኃይለኛ ፀሐይ ያንን ቫይረስ ሊቀሰቅሰው ስለሚችል ፀሐይንና ምችን ያገናኘው ልማድ ከእውነት አልራቀም። የፀሐዩ ጎጂ ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ያህል እየበረታ ስለሚሄድ፣ በደጋ ሐይቅ ላይ ሰዓታት የሚያሳልፍ ዋናተኛ ፊቱንና ከንፈሩን መከለል ይኖርበታል።

ቅዝቃዜ እውነተኛ አደጋ የሚሆነው በሌላ መንገድ ነው። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ሃያ አምስት ጊዜ ያህል በሚበልጥ ፍጥነት ይወስዳል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት የዘለለ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ደቂቃዎች ሳይፈልግ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይልበታል፣ በዚያ ቅጽበት አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን ሊሰምጥ ይችላል። ከውሃ ከወጣም በኋላ በእጅና በእግር የቀዘቀዘው ደም ወደ መሐል አካል ስለሚመለስ የውስጥ ሙቀቱ ለጥቂት ጊዜ መውረዱን ይቀጥላል፤ በዚህ ምክንያት ዋናተኛው ብርታት ተሰምቶት ከወጣ ከደቂቃዎች በኋላ ዳር ላይ ቆሞ ሊንዘፈዘፍ ይችላል። የመጀመሪያው እርዳታ እርጥብ ልብስን አውልቆ፣ ደርቆ፣ ወፍራም ሹራብና የሱፍ ቆብ ማድረግ፣ ከዚያም ጋቢ ተከናንቦ ትኩስ ነገር መጠጣት ነው። የእጅ ሥራውና ዋናው በተግባር የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ የበግ ጠጉር ክር ርሶም ቢሆን የተወሰነ ሙቀት ሲይዝ፣ ጥጥ ግን ውሃ ጠጥቶ ስለሚከብድና ስለሚያቀዘቅዝ፣ ሐይቅ ዳር ለሚለበስ ልብስ የክሩን ዓይነት መለየት የሹራብ ሠሪዋ እውቀት ይሆናል።

ታሪኩም ቢሆን ሁለቱን አይለያይም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የዋና ልብስ ራሱ የሚሠራው ከሱፍ ሹራብ ነበር፤ በአሜሪካ ኦሪገን ውስጥ ሹራብ በመሥራት የጀመረው በኋላም ጃንትዘን በሚል ስም የታወቀው ፋብሪካ ለቀዛፊዎች ከሠራው የሱፍ ልብስ ተነሥቶ የዋና ልብስ አምራች ሆነ።

ተረት፦ «ፈትልና ሹራብ የሥራ ፈት መዋያ ናቸው»

ይህ አነጋገር የሚያሳዝን ነው፤ የለበሱትን ልብስ አመጣጥ አለማወቅም ነው። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣለታል፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፣ ከዚያ በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ይጠነጠናል፤ ሸማኔው ድርና ማግ አድርጎ ከመሥራቱ በፊት ያለው ይህ ሁሉ ልፋት በአብዛኛው የሴቶች ነው። ሥራ የማይመስለው የጊዜውን ስባሪ ስለሚጠቀም ነው፤ ቡናው እስኪፈላ፣ ልጁ እስኪተኛ፣ ጎረቤት እያወጋ እንዝርቷ ትሽከረከራለች፣ ሹራቡም በየመሐሉ ተቀምጦ እንደገና ይነሣል። ለረዥም ሰዓት ሲሠራ አውራ ጣትን፣ የእጅ አንጓንና ማጅራትን እንደሚያደክም የታወቀ ነው፤ ወደ ፊት ጎብጦ የዋለ ትከሻም በውሃ ላይ ወደ ኋላ ሲዘረጋ ይፍታታል። ይሁን እንጂ ዋናም በተራው ያለ ልክ ከተደጋገመ ትከሻን ስለሚጎዳ፣ አንጓዋ ያበጠባት ሴት ዋናውን እንደ መድኃኒት ልትቆጥረው አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ከ10 ሜትር መዝለያ መድረክ በጥንድ ወደ ውሃ ዘልሎ ወርቅ ያገኘው እንግሊዛዊው ቶም ዴሊ፣ ያኔ የአንድ ልጅ አባት የነበረ ሲሆን፣ በተመልካች ወንበር ላይ ተቀምጦ ሹራብ ሲሠራ ታይቶ፣ ለሜዳሊያውም ማስቀመጫ ከረጢት በእጁ ሠርቶለታል። የሹራብ ሥራ ወንድንም እንደሚያምር ከማሳየቱ ባሻገር፣ ውድድርን በመጠበቅ የሚባክነው ጊዜ ለእጅ ሥራ የተመቸ መሆኑ በዚህ ይታያል።

ተረት፦ «የልጆች እናት ሐይቅ ለማቋረጥ ብትነሣ ቤቷን ትበትናለች»

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1926 አሜሪካዊቷ ገርትሩድ ኤደርሊ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ መሐል ያለውን ባሕር ከ14 ሰዓት ተኩል በላይ ዋኝታ በመሻገር የመጀመሪያዋ ሴት ስትሆን፣ በዚያው ወር ነሐሴ 28 ቀን በዴንማርክ የተወለደችው ሚሌ ጋደ ኮርሰን ከ15 ሰዓት በላይ ዋኝታ ተሻገረች። ኮርሰን የሁለት ልጆች እናት ነበረች፤ ሁለቱም ሴቶች ከእነርሱ በፊት ባሕሩን ከተሻገሩት ከአምስቱ ወንዶች ይልቅ ፈጥነው ደርሰዋል። እናትነት ከረዥም ዋና ጋር አይሄድም የሚለው ክርክር ከተዘጋ ዘመናት ተቆጥረዋል።

በአንጻሩ «ጎበዝ ሴት ሁሉንም ታዳርሳለች» የሚለው የዘመኑ ውዳሴም ከመጀመሪያው ያልተሻለ ተረት ነው። ፈትልና ሹራብ ከሌላ ሥራ ጎን ሊሠሩ ይችላሉ፤ የሐይቅ ዋና ግን አይችልም። ከመቀሌ ሐሸንጌ ደርሶ መመለስ ቀኑን ይወስዳል፣ ከተማ ውስጥ በሆቴል ገንዳ መለማመድም ክፍያና ያልተቆራረጠ ሰዓት ይጠይቃል፣ ውሃው ላይም ብቻን መሆን አይፈቀድም፤ የእንግሊዙን ባሕር የሚሻገር ሰው እንኳ ያለ አጃቢ ጀልባ አይሄድም። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት፣ ውሃው የሚመጣበትን ሌሊት ነቅታ የምትጠብቀው፣ በርሜሉንና ጀሪካኑን የምትሞላው እናት ከሆነች፣ ለልምምድ የሚያስፈልገው ሙሉ ሰዓት ከእርሷ ብልሃት የሚገኝ ሳይሆን ባል፣ ትልልቆቹ ልጆችና ዘመድ ከሚረከቡት ሥራ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ጥያቄው እናቲቱ ጊዜዋን እንዴት ታብቃቃ የሚለው ሳይሆን፣ በዚያ ሰዓት ውሃውን ማን ይቅዳ፣ እንጀራውን ማን ይጋግር፣ ሕፃኑን ማን ይያዝ የሚለው ነው።

ቤተሰቡም ከዚህ የሚያገኘው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች በዓለም ዙሪያ በመስጠም ሞተዋል፤ ድርጅቱ ዕድሜያቸው ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ልጆች መሠረታዊ ዋናና የመዳኛ ዘዴዎችን እንዲማሩ የሚመክረውም ለዚህ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር የሚሞሉት ኩሬዎችና ግድቦች ለመቀሌ ዙሪያ ልጆች ቅርብ ናቸው፤ መንሳፈፍን፣ በጀርባ ተኝቶ መተንፈስንና የሚሰምጥን ሰው ውሃ ውስጥ ሳይገቡ ገመድ ወይም ረዥም እንጨት አቀብሎ ማውጣትን የተማረች እናት፣ ልጆቿን ይህንኑ ልታስተምር ትችላለች።